ሃምሳ አምስት ግራም

ስሜን መጻፍ እችላለሁ። አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ። ከዚያ በኋላ ከቤቱ አንድ ሰው ይማር ተባለና ትምህርቱ ለታናሽ ወንድሜ ለእስራኤል ሆነ፤ ለእኔ የቅቤው ቅርጫት ደረሰኝ። በዚህ አልተቀየምኩም፤ ያን ጊዜ ብዙ ቤት እንደዚያ ነበር። የተቀየምኩት ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው፤ አባታችን ዳልጮ በሞተ በሦስተኛው ወር። ቦምቤ ገጠር ያለውን መሬቱን ስም ለማዞር መሬት ቢሮ ሄድን፤ እስራኤል ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አድርጋ፣ ቀና ሳትል፣ "እህትየዋ ትፈርማለች ወይስ በጣት ነው?" አለች። የጠየቀችው እሱን ነው። እኔ እስክሪብቶ ልቀበል እጄን ዘርግቻለሁ። እስራኤል የዘረጋሁትን እጅ ያዘና አውራ ጣቴን ቀለሙ ላይ፣ ከቀለሙ ወረቀቱ ላይ ጫነው። በክፋት አይደለም። የልጅ አፍንጫ እንደሚጠረገው ነው፤ ቶሎ ይለቅ ብሎ። ከኋላችን ሰው ተሰልፎ ነበር። ድርሻዬን በኋላ ምንም ሳያጎድል ሰጥቶኛል፤ ስለ መሬቱ የምናገረው የለኝም። ጣቴን ግን ማታ በአመድ ፈተግኩት፤ በማግስቱም ፈተግኩት። ቀለሙ በሦስተኛው ቀን ለቀቀ። ለእስራኤል አንድ ቃል አልተናገርኩም። ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ አብረን እንበላለን፣ ሲታመም ሾርባ ይዤለት እሄዳለሁ፣ ሲያገኘኝም ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ይላል። ስለ ባንክ ይሁን ስለ ስልክ ስጠይቀው ግን "ተይው፣ አይገባሽም" ይለኛል፤ ያን ጊዜ አውራ ጣቴ ይበላኛል።

ያለፈው ግንቦት ነው፤ ቀኑ ቅዳሜ። ልጄ ሳምራ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ላፕቶፑን ከፍታ ፊቱ ተቀመጠች። እኔ ቦኖ ወርጄ ሁለት ጀሪካን ውሃ ቀዳሁ፤ ገበያ ላይ አጠገቤ ከምትቀመጠው ከየትምወርቅ ጋር ስለ ዝናቡ አወራሁ፤ ቤት ስመለስ ልጅቷ ክንዷ ላይ ተደፍታ እንቅልፍ ወስዷታል። ስክሪኑ ላይ ያቺ ነጥብ ነጥብ ያላት ክብ አሁንም ትዞራለች። ቤታችን አንድ ሰፊ ክፍል ነው፤ መሐሉን በመጋረጃ ከፍለነዋል። በአንዱ በኩል አልጋችን አለ፣ በሌላው በኩል ጠረጴዛውና በኮባ የተጠቀለለው ቅቤ አለ። የሳምራ መጻሕፍት ሁሉ ቅቤ ቅቤ ይሸታሉ። አንደኛ ዓመት እያለች ጓደኞቿ በዚህ ይስቁባት ነበር፤ አሁን ለምደውታል፤ ደብተሯ ሲጠፋ በአፍንጫ እንፈልገው ይላሉ አሉ።

ሳምራ አካውንቲንግ ነው የምትማረው፤ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። የመመረቂያ ጽሑፏን ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ድረስ ካላስገባች ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም፤ ለሚመጣው ዓመት ትገፋለች። ጽሑፉ ሰባ ምናምን ገጽ ነው፤ ሠንጠረዥ ይበዛበታል። አንዱን ሠንጠረዥ ስትነካው ማሽኑ ስታክ ያደርጋል፤ እጇን አንሥታ ትጠብቃለች፣ እንደገና ትነካለች፣ እንደገና ትጠብቃለች። በሦስት ሳምንት የሠራችው በፊት በሁለት ቀን ትሠራው የነበረውን ነው። የሌላ ሰው ላፕቶፕ እንዳትዋስ ሁሉም የራሱን ጽሑፍ ይዞ ተጨንቋል። አርብ ማታ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታ፣ "እማ፣ ዘንድሮ ባልመረቅስ?" አለችኝ። አባቷ ኤርካሎ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው፤ ይህን ዓመት ሁለታችን ብቻ ነን ስንጠብቅ የኖርነው።

ላፕቶፑ ያገለገለ ነው። አምና ከአዲስ አበባ ዕቃ ከሚያመላልስ ነጋዴ በሃያ ስድስት ሺህ ብር ገዛሁት። ያን ጊዜ ሲከፈት ፈጣን ነበር፤ ሳምራ ወንበሯን እስክታስጠጋ ተነሥቶ ይጠብቃታል፤ ድምፅም የለውም። መጋቢት ላይ ቫይረስ ገባበት መሰለኝ፣ በራሱ እየጠፋ ይነሣ ጀመር። እስራኤል መጥቶ አየውና ፎርማት ተደርጎ አዲስ ዊንዶውስ ይጫንበት አለ፤ እኔ የማውቀው ሰው ጋ ላሠራው ብሎ በቦርሳው ይዞት ሄደ። እግዜር ይስጥልኝ አልኩት። ሳምራ ጽሑፏን አስቀድማ በፍላሽ አውጥታ ነበር። በአራተኛው ቀን መለሰው፤ የከፈለውንም አምስት መቶ ብር አልቀበልም አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው። ደውለን ስንነግረው አዲስ ዊንዶውስ መጀመሪያ ላይ ይዘገያል፣ ሲለምድ ይፈጥናል አለን። አመንኩት። ከገበያ የመጣች ላምም ቤቱን እስክትለምድ ወተቷን ትይዛለች። ግን ሁለት ወር ሊሞላ ነው፤ ላም ብትሆን እስካሁን ትለምድ ነበር።

ሳምራ ያልሞከረችው የለም። አፕዴት ይጨርስ ተብላ አንድ ቀን ሙሉ ቻርጀር ላይ ሰክታ ተወችው። አንቲቫይረሱ ነው ሲሏት አጠፋችው፤ አለመኖሩ ነው ሲሏት መልሳ ጫነችው። ሲነሣ አብረውት የሚነሡትን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ ዘጋች። ህብረት የምትባል ጓደኛዋ መጥታ አንድ ገጽ ከፈተችና ዲስኩ መቶ ፐርሰንት ይላል፣ ቀይ ሆኗል፣ ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም አለች። ሙቀት ነው ያላትም አለ፤ ለእሱ ደግሞ ከሥሩ ሁለት የለስላሳ ክዳን አደረግንለት። ሁሉም አንድ ነገር ይላል፤ ክቧ ግን እየዞረች ነው።

ሳምራን ሳልቀሰቅስ ለቁርስ ጠረጴዛውን ላስለቅቅ ብዬ ላፕቶፑን ዘግቼ አነሣሁት። እጄ ላይ ቆመብኝ። እኔ ቅቤ ሻጭ ነኝ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ። አንድ ጥቅል ሲሰጡኝ ሚዛኑ ላይ ሳላወጣው ልኩን እናገራለሁ፤ ብስት አንድ ማንኪያ ያህል ነው። ይህ ላፕቶፕ ከተመለሰ ወዲህ ከጠረጴዛው ወደ አልጋው፣ ከአልጋው ወደ ጠረጴዛው ስናዛውረው አንድ ነገር እያለኝ ነበር፤ ሐሳቤ ልጅቷ ላይ ስለሆነ አልሰማሁትም። ያን ጠዋት ግን ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበርና ሰማሁት። ጆሮዬን ሳስጠጋም ከውስጡ ጥርስ እንደሚያፋጭ ሰው የሆነ ነገር ይላል። ሚዛኔን አወጣሁ።

አምና የገዛሁት ዕለት መዝኜው ነበር። ሳምራ ሆዷን ይዛ ነበር የሳቀችው፤ ላፕቶፕ በኪሎ አይሸጥም አለችኝ። አውቃለሁ፤ ግን ያን ያህል ብር የወጣበትን ነገር ሳልመዝን ቤቴ አላስገባም። ልኩን ቤተ ክርስቲያን የሰጠን ካላንደር ጀርባ ላይ በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ፤ ላፕቶፕ፣ አንድ ኪሎ ከሰባት መቶ ስልሳ አምስት። አሁን ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩት። አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ ሃያ አለ። አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። አሁንም ያው ነው። ሳምራን ቀሰቀስኳት።

"ዊንዶውስ ስንት ይመዝናል?"

"እ?"

"ይሄ የጫኑበት ነገር። ስንት ግራም ነው?"

ዓይኗን አሻሸች። "እማ፣ ዊንዶውስ አይመዝንም። ስልክሽ ላይ መዝሙር ሲጫንልሽ ስልኩ ይከብዳል እንዴ?"

"አይከብድም።"

"እሱም እንደዚያው ነው።"

"ታዲያ ይሄ ሃምሳ አምስት ግራም ከየት መጣ?"

ሚዛኑን አየች፣ ካላንደሩን አየች። ጎኑ ላይ የተሰካውን ፍላሽ ነቅላ ራሷ መዘነችው፤ ቁጥሩ አልተነቃነቀም። ሃምሳ አምስት ግራም ለሌላ ሰው ምንም አይደለም። ገበያ ላይ ግን ውጩን ለጋ ቅቤ ለቅልቀው መሐሉ ሌላ ነገር የሚደብቁ ሰዎች አሉ፤ እኔ የማላውቀውን ሰው ቅቤ ቀጭን እንጨት ሳልወጋበት አልገዛም። የሆነ ነገር አውጥተው ሌላ ነገር አስገብተዋል አልኳት። ለአጎቴ ልደውል አለች። አትደውዪ፣ የሠሪው ሱቅ የት እንደሆነ ሲመልሰው ነግሮናል አልኩ። ሚዛኔን በፌስታል፣ ካላንደሩን ጠቅልዬ በብብቴ፣ ላፕቶፑን በነጠላዬ ይዤ ወጣሁ። ቅቤውን ለየትምወርቅ ሰጠኋት፤ ኪሎውን በዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሽጭው፣ ከዚያ ብትወርጂ አንቺን ነው የምሸጥሽ አልኳት።

ዝናብ ያዘለ ሰማይ ነበር፤ የዳሞታ ተራራ ግማሹ አይታይም። ሱቁ ከመናኸሪያው በላይ፣ አንድ ፎቅ ወጥቶ ነው። እኔና ሁለት ሰው ከገባን የሚሞላ ክፍል ነው። ግድግዳው ሙሉ የተሰቀለ ገመድ፣ መደርደሪያው ሙሉ ሆዱ የተከፈተ ላፕቶፕ፤ ስማቸው በነጭ ፕላስተር ተጽፎ ተለጥፎባቸዋል። ሠሪው ኤልሳዕ ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ጺሙን አሳምሮ የከረከመ፣ ቀና ሳይል የሚያወራ ሰው። "ማዘር፣ ምን ልርዳሽ?" አለኝ። ማዘር ሲሉኝ አልወድም፤ ግን ዋጥኩት። ነገሩን ነገርኩት። ማሽኑ አሮጌ ነው፣ አዲስ ዊንዶውስ ደግሞ ይከብደዋል አለ። ቃሉን ያዝኩበት። ስንት ግራም ይከብደዋል አልኩት፤ ሚዛኔንም ከፌስታሉ አውጥቼ የሚሠራበት ጠረጴዛ ላይ፣ ከትንንሾቹ ብሎኖች መሐል አስቀመጥኩ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ሳቁ። አንዱ፣ መምህር ነገር ይመስላል፣ "እናቴ፣ ኪሎውን ስንት ትይዋለሽ?" አለኝ።

"አጥንቱ ይውጣና እነግርሃለሁ" አልኩት።

እሱም ሳቀ፤ ኤልሳዕ ግን አልሳቀም። ይሄ የሶፍትዌር ነገር ነው፣ ብነግርሽም አይገባሽም አለኝ። አውራ ጣቴ በላኝ።

"የማይገባኝን አልጠየቅኩህም። የሚገባኝ ክብደት ነው። ፊቴ ክፈተው።"

ሥራ አለብኝ አለ። እጠብቃለሁ አልኩና ከበሩ አጠገብ ያለች አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ሰዎች ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ አንዷ ቻርጀር ትለውጣለች፣ አንዱ ውሃ ነካብኝ የሚለውን ኪቦርድ ይዞ መጥቷል፤ ቡና ነው የፈሰሰበት አለው ኤልሳዕ። አንድ ሰዓት ከሩብ ተቀመጥኩ። ገበያ ላይ ሳልንቀሳቀስ ስምንት ሰዓት የምቀመጥ ሴት ነኝ፤ በአንድ ሰዓት ከሩብ አልሸነፍም። በመጨረሻ እጁን በጨርቅ ጠርጎ አምጪው አለኝ። ብሎኖቹን ፈታ፤ ዘጠኝ ናቸው፣ ቆጥሬያቸዋለሁ። ጀርባውን ሲያነሣው ዓይኑ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ከዚያ ተነሥቶ ካርቦን ያለውን የደረሰኝ ደብተር አወረደና ወደ ኋላ ይገልጥ ጀመር።

"እኔ ነኝ ያስገባሁት" አለ። ሊያነብልኝ አፉን ሲከፍት ደብተሩን ወደ ራሴ ሳብኩት። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ግን አነባለሁ። ባለቤት፣ እስራኤል ዳልጮ። ፎርማት፣ ዊንዶውስ። ኤስኤስዲ ወጥቶ ለደንበኛው ሌላ ላፕቶፕ ተገጠመ፤ የዚያኛው ሃርድ ዲስክ ወደዚህ ገባ። ከሥሩ የወንድሜ ፊርማ። ፊርማው ረጅም ነው፤ ጭራ አለው፤ ከሩቅም አውቀዋለሁ።

ኤልሳዕ ድምፁን ቀንሶ አስረዳኝ፤ ገባኝም። ሃርድ ዲስኩ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው፤ ከባድ ነው፣ ቀርፋፋም ነው፣ ይህኛው ደግሞ አርጅቷል። ኤስኤስዲው የሚዞር ነገር የለውም፤ ቀላል ነው፣ ፈጣንም ነው። ሁለቱም ላፕቶፖች የኔ ናቸው ብሎ ነው ያመጣቸው አለኝ። ሌባ ነህ ልልህ ነበር የመጣሁት አልኩት። ለምደነዋል፣ ሁሉም ሰው እንደዚያ ብሎ ነው ደረጃውን የሚወጣው አለኝ። መምህሩ ሰውዬ አሁን አይስቅም፤ መስኮቱን ያያል። ሌባ ይዤ ልመለስ ነበር የወጣሁት። ሌባ ቢሆን ጮኬ፣ ሰው ሰብስቤ፣ ደስ ብሎኝ እመለስ ነበር። ብሎኖቹን መልሶ አሰረልኝ፤ ገንዘብ አልተቀበለኝም፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነኝ አለኝ።

እስራኤል ቤት ስደርስ ምሳ እየቀረበ ነበር። ቅዳሜ ቢሮ የለም። ቤቱ ቆንጆ ነው፤ የባለቤቱ የሰብለ እጅ አለበት። ሶፋው በዳንቴል ተሸፍኗል፣ መስታወት ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ ያልተነኩ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል፣ ግድግዳው ላይ እስራኤል የምረቃ ጋውን ለብሶ የተነሣው ፎቶ አለ። ፎቶው ላይ ከጎኑ እኔ አለሁ፤ ግማሽ ፊቴ ብቻ ነው የገባው። ሰብለ፣ "እትዬ ትርፌ፣ በሰዓቱ መጣሽ" ብላ ሳመችኝ፤ ቦይና የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅላ ነበር፣ ዳጣውን ከጎኑ አደረገችው። እስራኤልም ተነሥቶ ጎንበስ አለ። ሶፋው ጥግ ላይ ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ተሰክቷል። ለሁለተኛ ዲግሪው ይጽፋል፤ ማታ ማታ ነው የሚማረው። የፌስታሉን ቅርጽ አይቶ፣ "ሚቼ፣ ሚዛንሽን ይዘሽ ነው እንዴ የምትጠይቂን? ቅቤ ልትሸጪልን ነው?" አለ፤ ሚቼ በወላይትኛ እህቴ ማለት ነው፤ ደስ ሲለው እንደዚያ ይለኛል።

ሰብለ እንግዳዋ ትጸልይልን አለች። ዓይናችንን ጨፈንን። እኔ ረጅም ጸሎት አላውቅም። ጌታ ሆይ፣ ማዕዱን ባርክ፤ የልጄን ሥራ ባርክ፤ እኛ የማናየውን አንተ ታያለህ፣ አሜን አልኩ። የሰብለ አሜን ወዲያው መጣ። የእስራኤል ትንሽ ዘገየ። ዓይኔን ስገልጥ ነጠላዬን እያየ ነበር፤ ላፕቶፑ ጫፉ ወጥቶ ነበር።

ቦይናውን አንድ ጉርሻ ጎረስኩ፤ የቀረበ ምግብ ሳይቀመስ አይነሣምና። ከዚያ ሳህኔን ወደ ጎን አድርጌ ሚዛኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፣ ላፕቶፑን ላዩ ላይ። ቁጥሩ እስኪቆም ሦስታችንም አየነው። ካላንደሩን ዘርግቼ ጀርባውን አሳየሁት፤ ጣቴን የጻፍኩት ቁጥር ላይ አሳረፍኩ። ከኤልሳዕ ሱቅ እንደመጣሁ አልነገርኩትም። አላስፈለገም። ሰብለ ምን ሆነ፣ ምንድን ነው አለች፤ ሳህኖቹን አነሣሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ከዚያም የሳህን ድምፅ አልተሰማም፣ ቆማ ነው የምትሰማው። ጎረቤት ቤት ሬዲዮ አንድ ማስታወቂያ ጀምሮ ጨረሰ።

ልመልሰው ነበር አለ እስራኤል። የእኔው ላፕቶፕ በጣም ደክሞ ነበር፤ ደመወዝ ሲወጣ አዲስ ገዝቼ ላስገባላት አስቤ ነበር፤ ሚያዝያ ላይ ሳይሆን ቀረ፣ ግንቦትም እንዲሁ ሆነ። እሷ ለጽሑፍ ብቻ ነው የምትፈልገው፣ ይበቃታል ብዬ ነው። ይህን ሁሉ የሚናገረው ለጠረጴዛው ልብስ ነው።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ..." አለና ቆመ። የቀረውን ሁለታችንም እናውቀዋለን።

አሥራ አንድ ዓመት ይህን ቀን ሳስብ እጮህ ይመስለኝ ነበር። ድምፄ ግን ልክ ዋጋ እንደምነግር ሰው ነበር።

"ኢሻ" አልኩት፤ ወንድሜ ማለቴ ነው። "ቢሮ ጣቴን ያስነካኸኝ ቀን ስሜን መጻፍ እችል ነበር።"

"የትኛው ቀን?" አለ። አፉ ነው እንደዚያ ያለው፤ ዓይኑ ግን ካላንደሩ ላይ ወዳረፈው እጄ ሄዷል።

"የመጀመሪያ ደብተርህ ላይ ስምህን የጻፈልህ ማን ነው? አባባ አይችልም። አንተ ገና አትችልም።"

መነጽሩን አውልቆ ያዘው። መነጽር ሳያደርግ ፊቱ የድሮው ነው፤ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት በር ድረስ ይዤው የምሄደው ልጅ።

"ሰልፍ ነበር፣ ሚቼ" አለ። "ከኋላችን ሰልፍ ነበር።"

"ነበር" አልኩት።

እስራኤል ተነሣና የራሱን ላፕቶፕ ከቻርጀሩ ነቀለ፤ የሆነ ነገር ሊዘጋ ከፈተው፤ ዓይኔን ጨፍኜ እስክገልጥ ተነሥቶ ነበር። ዘግቶ ቦርሳው ውስጥ አስገባው። ሰብለ ምሳህንስ አለችው ከጓዳው በር። ስመለስ አላት።

ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ እሱ የራሱን፣ እኔ የልጄን አቅፈን። ዝናቡ ጀመረ። ኤልሳዕ ሁለታችንን አብረን ሲያይ ምንም ሳይጠይቅ ሁለቱንም ተቀበለን። መጀመሪያ የሳምራን ጽሑፍ አውጣ፣ በሁለት ቦታ አስቀምጠው አልኩት። ቀጥሎ የእስራኤልን ሥራ አወጣለት፤ አንድ ምዕራፍ የት እንዳስቀመጠው ጠፍቶበት ብዙ ፈለጉ፤ ግማሹን አገኙት። እስራኤል ግድ የለም፣ ደግሜ እጽፈዋለሁ አለ፤ ግንባሩን ግን በመዳፉ ይጠርግ ነበር፤ አሳዘነኝ። ቀላሉ ወጥቶ ወደ ቤቱ ገባ፣ ከባዱም ወደ መጣበት ተመለሰ፤ ዊንዶውስ እንደገና ተጫነ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አግዳሚዋ ላይ ተቀመጥን። በመሐል ወጥቶ ሁለት ሻይ ገዝቶ መጣ፤ የኔን ስኳር አላደረገበትም፣ ስኳር እንደተከለከልኩ አልረሳም። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ስለሚጮህ አለመነጋገራችን ለሰው አይታወቅም ነበር።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ኤልሳዕ ጠራኝ። ላፕቶፑን ሲከፍተው መቁጠር ጀመርኩ፤ አሥራ አንድ ስል ተነሣ። ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ድምፅ የለውም። ይመዘን አልኩ። መዘንነው። አንድ ኪሎ ከሰባት መቶ ስልሳ አምስት። ለሳምራ ይዤልሽ እየመጣሁ ነው ብዬ ደወልኩ፤ ሰኞ ይደርሳል ወይ ስላት ዛሬና ነገ ካለልኝ ይደርሳል አለች፤ ከዚያ ስልኩን ሳትዘጋ አፍንጫዋን ስትስብ ሰማሁ።

ርክክቡን የምትይዘው መሲ የምትባል ልጅ ናት፤ ከሰዓት ነው የገባችው፣ ጠዋት አላየችኝም። የደረሰኝ ደብተሩን ከፈተች። ነጠላዬን፣ ቅቤ የነካውን እጅጌዬን አየችና የማኅተሙን ቀለም ክዳን ከፍታ ወደ እኔ ገፋችው፤ ሰማያዊ ነው፣ ልክ እንደዚያን ቀኑ። አልፈረድኩባትም። እኔ ገና አፌን ሳልከፍት እስራኤል እጁን ከአጠገቤ ዘርግቶ ክዳኑን ዘጋው። ደረት ኪሱ ላይ የሰካትን እስክሪብቶ አውጥቶ ደብተሩ ላይ አስቀመጠና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቆመ።

አዲስ ገጽ አልፈልግም፣ የድሮውን አውጪልኝ አልኳት። አወጣችው። ባለቤት፣ እስራኤል ዳልጮ ይላል። እስራኤል የሚለውን ስም ወረቀት ላይ ከማንም ሰው በፊት የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሁን ላዩ ላይ አንድ መስመር አሰመርኩበት፤ እንዲነበብ አድርጌ ነው ያሰመርኩት። ከበላዩ ትርፌ ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ፊደል ነው። ከኋላችን እስከ ደረጃው አራት ሰው ቆሟል፤ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። አልቸኮልኩም። ዳልጮ የሚለውን አልነካሁትም፤ እሱ የሁለታችንም ነው።